‹‹ልጆቻቸው እኮ ውጭ ናቸው!››

አማርኛችን ጨካኝ አነጋገር አይቸግረውም። እኛ ግን ሰሞኑን ቡና ላይ ተቀምጠን ስንከራከር የጭካኔውን ዋንጫ የሰጠነው ስድብም እርግማንም ላልሆነች፣ እንዲያውም ምርቃት ለምትመስል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ቃል ናት፤ ‹‹ልጆቻቸው እኮ ውጭ ናቸው››።

የማያውቃት የለም። ጎረቤት ይላታል፤ የእድር ጸሐፊ ይላታል፤ የወረዳ ሠራተኛ ይላታል፤ ባለሱቁም ዋጋ ሲጨምር ይላታል። እኛም ብለናታል። አንዲት እናት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ከአራተኛ ፎቅ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ፣ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ እናያቸዋለን። አንድ እንግዳ ‹‹ምነው፣ የሚላላክላቸው ሰው የለም እንዴ?›› ሲል እኛ የሰፈሩ ልጆች ‹‹ኧረ እሳቸው ምን ጎደላቸው! ልጆቻቸው እኮ ውጭ ናቸው›› ብለን ወሬያችንን እንቀጥላለን። ልብ በሉ፤ የተጠየቅነው ዳቦውን ማን ይግዛላቸው ነበር። የመለስነው የልጆቻቸውን አድራሻ ነው።

የልጅ ስደት ወላጅን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል የሚለው ክርክር ያረጀ ነው፤ ሁለቱንም ያደርጋል። የእኛ ክርክር ሌላ ነው። ልጁ ቦሌን በተሻገረ ማግስት ወላጁን ከሚጠየቁት፣ ከሚታዘንላቸውና ከሚታገዙት ሰዎች መዝገብ የምንሰርዘው እኛው እዚህ የቀረነው ነን። መሰረዣችንም ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። በሄደችበት ሁሉ በር ትዘጋለች። እስቲ በሮቹን አንድ በአንድ እያንኳኳን እንያቸው።

የወረዳው በር

በ1997 ዓ.ም በገጠር የተጀመረውና ከ2009 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ወደ ከተሞች የገባው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርተው ማደር ለማይችሉ ደካሞች የቀጥታ ድጋፍ የሚባል ነገር አለው። ተጠቃሚውን የሚለየው የአካባቢው ኮሚቴ ነው፤ ስሙም ነዋሪው ፊት ቀርቦ ይተቻል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ‹‹ከቤተሰብ ወይም ከዘመድ በቂ ድጋፍ ያገኛሉ ወይ?›› የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላልተቸገረ ሰው የችግረኛ ድርሻ ይሰጠው አንልም። መልሱ ግን እንዴት እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ። ስም ሲነበብ ከኋላ አንድ ድምፅ ‹‹የእሳቸው ልጅ ዓረብ አገር ናት!›› ይላል። አለቀ። ስንት ትልካለች? በስንት ወሩ? የሄደችበትን ብድር ከፍላ ጨርሳለች? አሠሪዋ ደመወዟን በእጇ ይሰጣታል? ይህንን የሚጠይቅ የለም። ‹‹ውጭ›› ከተባለ ቁጥር አያስፈልግም።

‹‹ውጭ›› የሚባል አገር ግን ካርታ ላይ የለም። ዋሽንግተን ነርስ የሆነችውም ውጭ ናት፤ ሪያድ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የቆለፈባትም ውጭ ናት፤ ከሆሳዕና ተነሥቶ፣ ሞያሌን አቋርጦ፣ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት በየጫካው የሚያድረውም ውጭ ነው። ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ተነሥቶ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት የሚሞክረውን ልጅ አባቱ በሬ ሸጦ ነው የላከው። ደላላው መንገድ ላይ አግቶ ‹‹ብር ላክ›› ብሎ ሲደውል ደግሞ የቀረው በሬ ይሸጣል። በዚህ ቤት ላኪው ወላጅ ነው፤ ተቀባዩም ደላላ።

እናስታውስ። በ2006 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ የጀመረው የሳዑዲ አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን፣ ብዙዎቹን ባዶ እጃቸውን፣ ቦሌ ላይ አራገፋቸው። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ ወጣቶቻችን በአይሲስ ታረዱ። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ የቴቴ ግዛት ከአንድ ኮንቴይነር 64 አስከሬን ወጣ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቤይሩት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ወላጆች ከዚያ ቀን በፊት በየሰፈራቸው ‹‹ልጆቻቸው እኮ ውጭ ናቸው›› ይባልላቸው ነበር።

የሆስፒታሉ በር

እሺ፣ እንበልና ገንዘቡ ይመጣል። በየወሩ፣ ሳይቋረጥ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ለገበያ ሲለቀቅ መቶ ዶላር 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ10,000 ብር አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ በባለልጆቹ እናት ቀና። የዘይቱን፣ የስኳሩንና የደም ግፊቱን መድኃኒት ዋጋ ግን አብሮ የደመረላቸው ጎረቤት አላየንም። አብዛኛው መድኃኒትም እኮ በዶላር ነው የሚገባው!

ዋጋው ግን ትንሹ ነገር ነው። የመንግሥት ሆስፒታል የተኛ ሰው ያውቀዋል፤ በአገራችን አንድ ሰው ለመታከም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ታማሚና አስታማሚ። ካርድ የሚያወጣው፣ ወረፋ የሚይዘው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ግቢው ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከተማውን ዞሮ የሚፈልገው፣ ደም ሲታዘዝ የሚተካ ሰው የሚለምነው፣ ሾርባ በፔርሙስ የሚያመላልሰው፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ የሚያነጋው አስታማሚው ነው። ‹‹የልጅ ሥራ ነው›› ተብሎ ስለታሰበ ደመወዝ የተመደበለት ሰው የለም። ሆስፒታሉ የተሠራው እያንዳንዱ ታማሚ በደረሱ ልጆች ተከቦ ይመጣል በሚል ግምት ነው።

ልጆች ሲሄዱ የሄደው ገንዘብ አይደለም፤ እሱማ መጣ። የሄደው አስታማሚው ነው። በዌስተርን ዩኒየን ደግሞ ፔርሙስ አይላክም።

የኤምባሲው በር

‹‹ታዲያ ለምን አይወስዷቸውም?›› የምትሉ አላችሁ። ግሪን ካርድ የያዘ ልጅ ወላጁን ማስመጣት አይችልም። የአሜሪካ ሕግ ወላጅ ለማስመጣት ዜግነትና 21 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ ለዜግነቱ ደግሞ አብዛኛው ሰው ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት መቆየት አለበት። ልጃቸውን በ70 ዓመታቸው ለሸኙ አባት አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡን ለእናንተ እንተወው።

ለጉብኝት ልሂድ ያለ ወላጅ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ሕጉ አመልካቹን ‹‹ሊቀር ነው›› ብሎ አስቀድሞ ይጠረጥረዋል፤ እንደሚመለስ ማሳመን የእሱ ፈንታ ነው። ‹‹ልጆችዎ የት ናቸው?›› ይባላል። ‹‹ሁሉም አሜሪካ!›› ይላሉ እናት፣ ሰፈር ውስጥ በለመዱት ኩራት። ያ ኩራት መስኮቱ ላይ ሲደርስ የጥርጣሬ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። ልጆቻቸው ውጭ ስለሆኑ ከወረዳው ዝርዝር ወጡ፤ ልጆቻቸው ውጭ ስለሆኑ ውጭ ከመሄድም ቀሩ። ሳቅ ካማራችሁ እዚህ ጋ ሳቁ።

ቪዛውን ያገኙትስ? ብዙዎቹ የሚጠሩት ልጅ ወይም ምራት ስትወልድ ነው። ስድስት ወር አራስ ሲያርሱ፣ ሕፃን ሲያባብሉ፣ በረዶውን በመስኮት ሲያዩ ይከርማሉ፤ አባት እዚህ ብቻቸውን ሽሮ መሥራት ይማራሉ። ይህንን በክፋት አንናገረውም። የልጅ ልጅ ማቀፍን የሚያህል ደስታ የት አለ? ግን አንድ ነገር እንታዘብ። ወላጅ ሲፈለግ ቲኬት ይገኛል፤ ወላጅ ሲፈልግ ሺፍት አይለቅም።

የገዛ ቤታቸው በር

ከአምስት ልጆች አራቱ ይሄዱና አንዷ ትቀራለች። አዎ፣ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ሴቷ ናት። ሰፈሩ ‹‹ምነው አንቺ አልሆነልሽም?›› ይላታል። የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ ሌሊት ደግፋ ሽንት ቤት የምታስገባት ያቺው ያልሆነላት ናት። ለበዓል ስልክ ሲደወል ግን እናት ለእንግዳው የሚያወሩት ቴሌቪዥኑን ስለላከው ልጅ ነው። የሄደ ልጅ ስም አለው። የቀረ ልጅ ያለው ሥራ ነው።

ይባስ ብሎ ቤቱ የሚመራው ከባሕር ማዶ ነው። አራቱ ልጆች በዋትስአፕ ይሰበሰቡና ይወስናሉ። እማማ ሐኪም ይቀይሩ፣ እማማ የድሮውን ሰፈር ለቀው ኮንዶሚኒየም ይግቡ፣ ሠራተኛዋ ትባረር። ሃምሳ ዓመት ቡና ያጣጧቸውን ጎረቤት ያጡት፣ እድራቸው ከወንዝ ማዶ የቀረው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀሉት በማን ውሳኔ ይመስላችኋል? በፍቅር ነው የተወሰነው፤ በፎቶ ታይቶ። ‹‹ቤቱ ሴራሚክ አለው›› ተብሎ። ጉልበታቸውን የጠየቀ የለም።

ያቺ የቀረችው ልጅ ያልተስማማች እንደሆነ ‹‹ብሩን እየበላች ነው›› የሚል ሐሜት ይከተላታል። በመጨረሻም ውርስ ይመጣል። ሕጉ ልጆችን ሁሉ እኩል ያደርጋቸዋል፤ እሰየው። የአሥር ዓመቱ የሌሊት ሥራ ግን በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ የሚያውቅ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመንም።

‹‹ደህና ነን››

እነዚህን በሮች ዘግቶ የሚያቆያቸው አንድ ቁልፍ አለ፤ ‹‹ደህና ነን›› ይባላል። እናት ትናንት ደረጃው ላይ ወድቀዋል። ስልኩ ይጮኻል። ‹‹ደህና ነኝ፤ አንተስ?›› ልጁ ከሁለተኛ ሥራው እየተመለሰ መኪናው ውስጥ ነው፤ ኪራዩ አልፎበታል። ‹‹ደህና ነኝ እማዬ።›› ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ። እኛ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብለን በዓይን እየተጠቀስን ‹‹አዎ፣ በጣም ደህና ናቸው!›› እያልን እንመሰክራለን።

የዚህ ውሸት ማብቂያው መርዶ ነው። አባት ሞተው፣ ተቀብረው፣ ሠልስታቸው ወጥቶ፣ ልጁ ‹‹አባዬ ለምን ስልክ አያነሳም?›› ሲል ‹‹ኔትወርክ የለም›› እንለዋለን። ከዚያ ወዳጆቹ ተጠራርተው በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ አበሻ ምን ይዞ እንደመጣ ስደተኛ ሁሉ ያውቃል። መርዶው ራሱ ክፉ ሥርዓት አይደለም፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ የሚይዘው ክንድ እንዲኖር የተሠራ ነው። ክፉው ከመርዶው በፊት ወራት የፈጀው ውሸት ነው። ካንሰሩን ‹‹ጨጓራ›› ያልነው፣ ሽባነቱን ‹‹ብርድ›› ያልነው። ልጁ ቢያውቅ ይመጣ ነበር። ምናልባትም አይመጣም ነበር፤ ወረቀት የለውም፣ ከወጣ አይገባም። ቢያንስ ግን አባቱን በስልክ ይሰናበት ነበር። እኛ ያንን ነጥቀነዋል፤ ስሙንም ርኅራኄ ብለነዋል።

‹‹ኔትወርክ የለም›› እውነት የሆነበትንም ዘመን አይተናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 እስኪፈረም ባለው ጊዜ አብዛኛው ትግራይ ለረጅም ወራት ያለ ስልክና ያለ ባንክ ኖሯል፤ ውጭ ያለው ልጅ ወላጁ ይኑር ይሙት ሳያውቅ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ኪስ ሙሉ ዶላር አንዲት ‹‹እንዴት አደርሽ?›› መግዛት አቅቶት አየን። ያን መዝጋት ግፍ ነው ብለን ጮኸናል። ታዲያ ሰላም ባለበት ሰፈር፣ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ በ‹‹ደህና ነን›› መስመሩን የምንዘጋውን እኛን ማን ይጩህብን?

‹‹ታዲያ እንቅር ነው የምትሉን?››

አንልም። ዲግሪውን ይዞ አምስት ዓመት ሥራ የፈለገን ልጅ ‹‹እናትህን ጥለህ የት ትሄዳለህ?›› የሚል ሰው ሥራ ይስጠው፤ አለዚያ ዝም ይበል። የሰፈሩን ዲቪ ፎርም ስንሞላ ያደግነው እኛው ነን። ዛሬም ይህንን ገጽ ከምንጽፈው መካከል ከፊሎቻችን የምንጽፈው ከውጭ ነው። ስንቱ ቤት የቆመው፣ የስንቱ ኩላሊት የሚታጠበው በሚላከው ገንዘብ መሆኑን አሳምረን እናውቃለን። ዶላር ከዛፍ እንደማይቀጠፍም እናውቃለን። የሚልከውን ልጅ የሚሰድብ ጽሑፍ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ የተሳሳተ በር አንኳኩታችኋል።

መንግሥትን ግን ሳንነካው አናልፍም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ደግሞ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በሁለቱ መካከል ሲጎተት የኖረው ሽክም በተግባር ያረፈው ልጅ ላይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ እንኳን የመጣው በ2003 ዓ.ም፣ በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋና አናጢው ደግሞ ዛሬም በአብዛኛው ጡረታ የላቸውም። ልጃቸው ነበር ጡረታቸው።

ይኸው መንግሥት የልጁን አድራሻ ጠንቅቆ ያውቃል። በ2010 ክረምት ‹‹በቀን አንድ ዶላር›› ብሎ ጠራው። በ2014 የገና ሰሞን ‹‹አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ኑ›› ብሎ ጠራው። እናቱ ዳቦ እንዴት እንደሚገዙ ግን ጠርቶ ጠይቆት አያውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ውሸቱ ይቁም። ውጭ ያላችሁ፣ ‹‹ደህና ነኝ›› ብሎ የማይዋሻችሁ አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ ይኑራችሁ። የእናታችሁን መድኃኒት ስም፣ የሐኪማቸውን ቀጠሮ፣ የወደቁበትን ቀን የሚነግራችሁ። እዚህ ያለን ደግሞ ያ ሰው ለመሆን እንድፈር።

ሁለተኛ፣ የቀረችው ልጅ ደመወዝ ይኑራት። ‹‹ለእማማ›› ከሚላከው ላይ እየተሰረቀ የሚመስል ሽርፍራፊ ሳይሆን በስሟ፣ በየወሩ፣ ከነምስጋናው። በወላጆቿ ጉዳይም የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሁን። የሌሊቱን ወንበር ያልተቀመጠበት ስብሰባውን አይምራ።

ሦስተኛ፣ እድሮቻችን። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ደካማ ጎረቤቱን በሕይወት ሳሉ ያልጠየቀ አይቀጣም። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለን፤ ተሸካሚ ክራች የለንም። አይቻልም እንዳትሉ፤ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያጭደው ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ዛሬም አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፤ ብቻውን ለተኛ አባል ተራ አስታማሚ ይመደባል የሚል።

አራተኛ፣ የወረዳው ኮሚቴ ከመሰረዙ በፊት ይቁጠር። ‹‹ልጅ አላቸው ወይ?›› ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ‹‹ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ደረሳቸው? ሲታመሙስ ማን ያነሣቸዋል?›› ብሎ ይጠይቅ።

እኛም ከነገ እንጀምራለን። ያቺ እናት ደረጃውን ሲወርዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ሲተነፍሱ እናገኛቸዋለን። አንዱ እንግዳ ‹‹የሚላላክላቸው ሰው የለም እንዴ?›› ይለናል። ዓረፍተ ነገሯን እንላታለን፤ አልተወናትም። ልጆቻቸው እኮ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ዳቦውን የምንገዛው እኛ ነን።